ጭቃ ላይ የሚያድር ፈረስ

ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ካለ አንድ የከብት ክሊኒክ ደጅ አንድ ዳማ ፈረስ በሦስት እግሩ ቆሟል፤ የኋላ ቀኝ እግሩን ጫፉን ብቻ መሬት አስነክቶ ያነሣዋል፣ መልሶ ያስነካዋል። ከጋሪው ፈትቶ ያመጣው ልጅ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። ሥራ ፈትቶ መቆሙ ከፈረሱ ሕመም ያልተናነሰ አሞታል።

«ጋሼ፣ አንድ መርፌ ይውጉልኝና ልሂድ። ከሰሞኑ እያነከሰ አላሠራኝ አለ።»

«መርፌው ይቆይ። እስቲ እግሩን አንሣልኝ።»

«እግሩን ሲነኩት ይራገጣል፣ ጋሼ። አስለምጄውም አላውቅ።»

የክሊኒኩ ባለሙያ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቦቲ ጫማ ያጠለቁ ሰው ናቸው። ፊታቸውን ወደ ጅራቱ አዙረው ከፈረሱ ጎን ተጠጉ። ቀስ እያሉ ከዳሌው ወደ ታች በእጃቸው እየዳበሱ ወረዱና ከቋንጃው በታች ሲደርሱ ጅማቱን ጫን አደረጉት። ፈረሱ አንዴ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ እግሩን ለቀቀላቸው። ሰኮናው ሲገለበጥ የሚታየው ሰኮና አልነበረም፤ ፋንድያ፣ ጭቃና ጠጠር አንድ ላይ ተደፍኖ ደርቆበታል። ባለሙያው ጫፉ ደነዝ የሆነ ብረት አውጥተው ከተረከዙ ወደ ጣቱ ይፈለፍሉ ጀመር። ድፍኑ ሲነሣ የወጣው ሽታ ልጁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰው። ከሥሩ ጥቁር፣ ቅባት የመሰለ ፈሳሽ ዘለቀ። በተረከዙ መካከል ያለውን ስንጥቅ በብረቱ ጫፍ ቢነኩት ፈረሱ እግሩን መንጭቆ ወሰደ።

«ማታ የት ነው የምታሳድረው?»

«እደጅ፣ አጥሩ ሥር።»

«መሬቱስ?»

«ያው ጭቃ ነዋ! ክረምት አይደል?»

ምርመራው እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። የሰኮና መበስበስ የሚባለው ይህ ሕመም ስሙ በእግር ይጠራ እንጂ መነሻው የማደሪያው መሬት ነው። ይህን የማይቀበል ባለፈረስ የቱንም ያህል መድኃኒት ቢገዛ በሚቀጥለው ሐምሌ ተመልሶ ክሊኒክ ደጅ ይቆማል።

የፈረስ ሰኮና ከውጭ ሲያዩት አንድ ወጥ ቀንድ ነው። ሲገለብጡት ግን ከተረከዙ ተነሥቶ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄድ፣ እንደ ጎማ የሚለመጥ ባለሦስት ማዕዘን ክፍል ይታያል። በግራና በቀኙ ሁለት ቦዮች አሉ፤ መካከሉ ላይ ወደ ተረከዙ ጠጋ ብሎ አንድ ስንጥቅ አለ። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ይህ ለስላሳ ክፍል ተጭኖ ይሰፋል፣ እግሩን ሲያነሣ ይሰበሰባል። በዚህ እንቅስቃሴ ከእግሩ ሥር ያለው ደም ወደ ላይ ይገፋል፤ በቦዮቹ የተጠቀጠቀው ጭቃም ይራገፋል። በደረቅና ጠጠራማ መሬት ላይ የሚራመድ ፈረስ እግሩን ራሱ ያጸዳል።

የቆመ ፈረስ ግን አያጸዳም። በፋንድያና በሽንት በላቆጠ መሬት ላይ ሌሊቱን ታስሮ የሚያድር ፈረስ ቦዮቹ ይደፈናሉ፤ የማያቋርጠው እርጥበትና ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ቀንዱን ያላሽቀዋል። ይህን የሚጠብቅ ባክቴሪያ አለ፣ ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም ይባላል። ከእንስሳት አንጀት በፋንድያና በእበት ይወጣል፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ አየር ያለበትን ቦታ አይወድም። በበግና በከብት እግር መበስበስ ላይም እጁ አለበት፤ ስለዚህ በግ ያረባ የጎጃም ገበሬ ስሙን ባያውቀውም ሥራውን ያውቀዋል። ቀንዱ ጤነኛና ደረቅ ከሆነ ባክቴሪያው መግቢያ የለውም። ከላሸቀና በላዩ ከተደፈነበት ግን የሚፈልገው ቤት ተሠራለት ማለት ነው። የኋላ እግሮች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያዙትም ለፋንድያውና ለሽንቱ ስለሚቀርቡ ነው።

ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ጠጠር መንገድ ላይ የሚሠራ ፈረስ ሰኮናው በራሱ ያልቃል፤ ችግሩ እኩል አለማለቁ ነው። ተረከዙ የረዘመና ወደ ውስጥ የጠበበ እግር ስንጥቁ ይጠልቃል፤ የጠለቀ ስንጥቅ አየር አያገኝም። በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ የሰለጠነ እጅ ሰኮናውን ቢያስተካክለው ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ማነከስ የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት አይደለም፣ የመጨረሻው ነው እንጂ። መጀመሪያ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ የለስላሳው ክፍል ጠርዝ ይቦጫጨቃል፣ በቦዮቹ ጥቁር ነገር ይታያል። ፈረሱ የሚያነክሰው ብስባሹ ቀንዱን አልፎ ሕያው ሥጋ ላይ ሲደርስ ነው። እግር አንሥቶ የማየት ልማድ በሌለበት አገር ሕመሙ የሚታወቀው ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚሆነው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ የሚያነክስ ፈረስ ሁሉ ሰኮናው በስብሷል ማለትም አይደለም። ማታ ደህና የነበረ ፈረስ ጠዋት እግሩን መሬት ማስነካት ካቃተው ምስማር ወይም ስለታም ድንጋይ ወግቶት ሰኮናው ውስጥ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። እግሩ ላይ ወይም አንገቱ ላይ በቆዳው ሥር ተደርድሮ እየፈነዳ መግል የሚያወጣ እብጠት ደግሞ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው፤ በወይና ደጋ ከተሞቻችን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ ያጠቃል፣ ይተላለፋልም። ሁለቱም ወደ ባለሙያ ይዘውት የሚሮጡለት ነገር ነው።

ወደ መርፌው እንመለስ። በከብት ክሊኒክ ደጅ ለአንድ ጠዋት የቆመ ሰው የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይውጉልኝ።» ባለሙያውም ያለ መርፌ የሸኘው ሰው «ምንም ሳያክመኝ መለሰኝ» ብሎ ገበያ ላይ እንደሚያወራበት ያውቃል። ነገር ግን የሞተ ቀንድ የደም ሥር የለውም። በጡንቻ የተወጋ ፔኒሲሊንም ሆነ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚጓዘው በደም ነው፤ ደም ከማይደርስበት ብስባሽ ውስጥ መድኃኒቱም አይደርስም። ሕመሙ ወደ ላይ ዘልቆ እግሩ ካላበጠ በስተቀር መርፌው ገንዘብ ማባከንና ባክቴሪያን መድኃኒት ማለማመድ ነው። ለዚህ ሕመም መድኃኒት የሚደርሰው በእጅ ነው፣ ያውም ከጸዳ በኋላ።

በየሰፈሩ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። አንዱ ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለምኖ ይቀባል። ዘይቱ ሽታውን ይሸፍናል፣ ውሃም ይከለክላል፤ ለዚህ ነው የሠራ የሚመስለው። ነገር ግን ያልጸዳ ስንጥቅ በዘይት ሲታሸግ አየር ለማይወደው ባክቴሪያ ክዳን ተገጠመለት ማለት ነው። ሌላው ናፍጣ ያፈሳል። የባትሪ አሲድ የሚያንጠባጥብም አይጠፋም። ብረት አግሎ የሚተኩስም አለ። አሲዱና ብረቱ የሚያቃጥሉት የሞተውንና ሕያውን ሳይለዩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈረሱ እግሩን ለማንም አይሰጥም፣ አይፈረድበትምም።

ደም እስኪወጣ መፈቅፈቅ የባሰ አደጋ አለው። የመንጋጋ ቆልፍ፣ የቴታነስ ማለቴ ነው፣ ዘር በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ አለ። ከቤት እንስሳት መካከል ደግሞ ለቴታነስ የፈረስን ያህል የተጋለጠ የለም። በቆሸሸ ቢላ የተበጣ፣ በፋንድያ ላይ የቆመ ሰኮና ለዚህ በሽታ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ሰውነቱ ደርቆ፣ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጅራቱ ተወጥሮ የቆመ ፈረስ ከታየ በኋላ ማዳን እጅግ ከባድ ነው። ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በአካባቢው ክሊኒክ መኖር አለመኖሩን ክረምት ሳይገባ መጠየቅ የባለፈረሱ ፋንታ ነው።

ባለሙያው ለልጁ ያሳዩት ሕክምና ከዚህ ሁሉ ይቀልላል። ድፍኑን ፈልፍለው አወጡ፤ በብሩሽና በሳሙና ውሃ አጠቡ። የሚቀጥለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ በንጹሕ ጨርቅ እስከ ስንጥቁ ድረስ አደረቁት። የተንጠለጠለውን የሞተ ቀንድ ብቻ በሰኮና ቢላ አነሡ፤ ሕያው የሆነው ሲጀምር እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ፖቪዶን አዮዲን ያጠጡትን ጥጥ በብረቱ ጫፍ እየገፉ ስንጥቁ ውስጥ ወተፉት። ፖቪዶን አዮዲን ከከብት መድኃኒት ቤት ብቻ ሳይሆን ከሰው ፋርማሲም ይገኛል። ጥጡ በየቀኑ ይቀየራል፣ እግሩም በየቀኑ ይጸዳል። ቶሎ የተደረሰበት ሕመም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይደርቃል። ስንጥቁ ጠልቆ የተበላ እግር ግን አዲስ ቀንድ እስኪተካ ወራት ይፈልጋል። ኮፐር ሰልፌትም ይሠራል፤ ነገር ግን ሕያው ሥጋን ያቃጥላል፣ ለበግም መርዝ ነውና በሰለጠነ ሰው መጠን፣ በጓንት፣ ትርፉም የትም ሳይደፋ ቢሆን ይሻላል።

«መድኃኒቱ ይኸ ነው፣» አሉት እጃቸውን እየታጠቡ። «ጭቃው ላይ ካሳደርከው ግን ነገ ሳምንት እንገናኛለን።»

ልጁ ዝም አለ። ዝም ያለበት ምክንያት ይገባኛል፤ ማደሪያው የተከራየው ግቢ ጥግ ነው።

አገሩም አያግዘውም። ፍኖተ ሰላም በ1,900 ሜትር፣ ቡሬ በ2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ቡሬ ዙሪያ በዓመት ከ1,300 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ለበቆሎውና ለበርበሬው በረከት የሆነው ዝናብ ቀዩን አፈር ያላቁጠዋል። ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድና ወደ ነቀምቴ የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙበት የንግድ ከተማ ነው፤ የጭነት መኪናው ብዙ ነው። ነገር ግን በቆሎውና በርበሬው መኪናው ዘንድ የሚደርሰው፣ የማዳበሪያው ኩንታል ወደ ቀበሌ የሚገባው በአብዛኛው በጋሪና በአህያ ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ተለውጧል። ባጃጁ አስፋልቱንና የተነጠፈውን መንገድ ወሰደ፤ ለጋሪ የተረፈለት ባጃጅ የማይደፍረው ጭቃ ነው። ፈረሱ ቀን የሚሠራው እዚያ ነው፣ ደንበኛ የሚጠብቀው እዚያ ነው፣ ሌሊት የሚያድረውም ከዚያ ብዙ ያልተሻለ መሬት ላይ ነው።

የገጠሩ ፈረስ ችግር ሌላ መልክ አለው። ማሳው ሲዘራ ፈረሱ ጨፌ ላይ ይታሰራል። ሣሩ ለምለም ነው፣ ሥሩ ውሃ ነው። በአንድ ካስማ ዙሪያ ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር የሚውል ፈረስ የራሱን ፋንድያ ከውሃው ጋር ሲያቦካ ይውላል። ማለዳ ጨፌ፣ ከቀትር በኋላ ደረቅ ጉብታ፤ ቦታ መቀየሩ ብቻውን ብዙ ይረዳል፣ የሚጠይቀውም አንድ ልጅ ካስማውን እንዲያዛውር ማዘዝ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ፈረስ በሚከበርበት አገር መሆኑ ይገርመኛል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «አባ ጠና» ተብለው በፈረስ ስማቸው የተጠሩበት ጎጃም ነው። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ተጉዘው እንጅባራ ሲገቡ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በዚያ ቀን ፈረሱ በኮርቻው፣ በልጓሙ፣ በግላሱና በዛባው አጊጦ ይወጣል፤ ከሰኮናው በላይ ያላማረ ነገር የለውም። ሰኮናውን ገልብጦ የሚያይ ዳኛ ግን አላየሁም። ጥር ደረቅ ወር ነው፤ የሐምሌ እግር አይታይበትም። ማኅበሩ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። የእንስሳት ሐኪም ያን ያህል ባለፈረስ በአንድ ቀን ፊቱ ቆሞ በሌላ ቦታ የትም አያገኝምና፣ ከሽልማቱ አንዱ ለጤነኛ ሰኮና ቢሆን የበዓሉ ክብር አይጎድልም።

እግሩን የዘነጋ ሠራዊት ምን እንደሚገጥመው እዚሁ ጎጃም ታይቷል። በ1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት በሱዳን በኩል ሲመለሱ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው ጌዴዎን ጦር ስንቁን የጫነው በሺህ በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ላይ ነበር። ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ፤ ግመሎቹ ግን ለአሸዋ የተሠራ እግራቸው ዳገቱን፣ ድንጋዩንና ብርዱን አልቻለም፤ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። ከዚያ ወዲህ ያገሩን ሸክም የተሸከመው ያው ያገሩ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ነው። ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ይዛ ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗን ስናወራ እነዚህ እግሮች በቁጥሩ ውስጥ እንዳሉ አንርሳ።

የጋጣው ነገር አዲስ ጥበብም አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው የጦር ሰው ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እርጥብና አንሸራታች ወለል ጥሩ ሰኮናን እንኳ ያበላሻል ይላል። መፍትሔውንም ሰጥቷል፦ ወለሉ ውሃ እንዲወርድ ዘንበል ይበል፣ የሰኮና መጠን ባላቸው ድንጋዮችም ይነጠፍ። ከጋጣው ውጭ ደግሞ ፈረሱ ሲጸዳ የሚቆምበት ቦታ ላይ አራት ወይም አምስት ጋሪ ድቡልቡል ድንጋይ ይበተን ይላል፤ እዚያ የቆመ ፈረስ ድንጋያማ መንገድ የተጓዘ ያህል ሰኮናው ይጠነክራል። ይህ ሰው አንቲባዮቲክ አያውቅም፣ ባክቴሪያ አያውቅም። ከ2,300 ዓመት በኋላ ሐኪሙ የሚጨምርበት ብዙ ነገር የለም።

ምዕራብ ጎጃም ደግሞ ድንጋይ አይቸግራትም። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሚሆን ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ መጀመሪያ ትልልቁ ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል፤ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ከጫፉም ውሃ መውረጃ ቦይ ይወጣለታል። በላዩ አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ሣር ይጋረዳል። ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ ማባከን የለብንም፣ እሱ ምግብ ነው፤ ከአናጢ ቤት የሚጣለው ሰጋቱራ ወይም የተከተከተ የበቆሎ አገዳ ይበቃል። ፋንድያው ጠዋት ይጠረጋል፣ የራሰው ጉዝጓዝ ይወጣል። ሰኮናው ማታ ከጋሪ ሲፈታ አንዴ፣ ጠዋት ከመጠመዱ በፊት አንዴ ይፈለፈላል። አራቱን እግር ለመፈልፈል ቡና እስኪፈላ የሚጠበቀውን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ውርንጭላውን ገና በልጅነቱ እግሩን እየዳበሱና እያነሡ ያሳደጉት እንደሆነ፣ ትልቅ ሲሆን በገመድ ጠልፎ መጣል የለም። ጥሎ ማከም ብዙ ፈረስ ጎድቷል፣ ሰውም ጎድቷል።

የልጁ ዓይነት በተከራየው ግቢ የሚያድር ባለጋሪ ግን ብቻውን ድንጋይ ማንጠፍ አይችልም፤ የግቢው ባለቤት ነገ ውጣ ሊለው ይችላል። እዚህ ላይ ሸክሙ ወደ ከተማ አስተዳደሩና ወደ ጋሪ ማኅበራቱ ይሻገራል። ጋሪ ከከተማ ይውጣ የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣል፤ መውጣቱ ቀርቶ እስካሁን ማዳበሪያውንም፣ በርበሬውንም፣ ሰውንም እያመላለሰ ነው። ግብር የሚከፍል ባለጋሪ ፈረሱን የሚያቆምበት ደረቅ መሬት ይገባዋል። ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ማዘጋጃ ቤቶች የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሰኔ ሳይገባ በየጋሪ መቆሚያው ጥቂት መኪና ጠጠር ይደፋ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፣ ማታ ማታም ማደሪያ የሌላቸው ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን የሚያሳድሩበት አንድ የድንጋይ ወለል በማኅበር ይሠራ። ባለጋሪው በበኩሉ ዛሬ ማታ ጋሪውን ሲፈታ አራቱንም እግር አንሥቶ ይመልከት፣ ያሽትትም።